ከአባቴ የተረፉ እንክብሎች

በዕድሜዬ ትልቁን ውድድር ያሸነፍሁ ዕለት የመንገዱን ግማሽ አላስታውሰውም። ከሉማሜ ስንነሣ አስታውሳለሁ፤ ጉሙ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፣ አውቶቡሶች መብራታቸውን አብርተው ጥግ ይዘው ቆመዋል፣ የሻይ ቤት ሴቶች በራፍ ላይ ወጥተው ያጨበጭቡልናል። ደብረ ማርቆስ ስገባም አስታውሳለሁ፤ የሕዝቡን ጩኸት፣ አንገቴ ላይ ያጠለቁልኝን አበባ፣ የአሰልጣኛችንን እንባ። በሁለቱ መካከል ያለው ግን የለም። ደብዝዞብኝ አይደለም። ከነጭራሹ የለም።

ያኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። እንጀራዬን በብስክሌት መብላት ከጀመርሁ ዐሥራ ሰባት ዓመት አልፎኛል። በክለባችን በዕድሜ የሚበልጠኝ አሰልጣኙ ብቻ ስለነበር ልጆቹ «ጋሼ» ይሉኛል፤ አንዳንዴ በአክብሮት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሹፈት። ቀኝ ጉልበቴ ከተጎዳ ቆይቷል። ዳገት ላይ ብድግ ብዬ ፔዳሉን ስረግጥ ከውስጥ የሚላወስ ነገር አለ። ሐኪሙ «አንተ ካላሳረፍኸው እሱ ያሳርፍሃል» ብሎኛል። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአገሬ መንገድ፣ በአገሬ ሰው ፊት አሸንፌ ላቁም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

አባቴ የሞተው ከዚያ ውድድር ዓመት ከመንፈቅ ቀድሞ ነው። ግብርና ቢሮ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ጉበቱ ላይ ዕጢ ወጣና አምስት ወር እኛ ቤት ተኛ። ያስታመመችው ባለቤቴ ናት፤ ከወሎ ደብረ ማርቆስ ተመድባ መጥታ እዚሁ የቀረች የባዮሎጂ አስተማሪ። እኔ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አዲስ አበባ ዝግጅት ላይ ነበርሁ። «ተባብሷል፣ ና» ስትለኝ «እሁድ እመጣለሁ» አልሁ። የደረስሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ለሥቃዩ ማስታገሻ ብለው ያዘዙለት እንክብል ሳያልቅ ተርፎ በጫማ ካርቶን ተደርጎ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ትራማዶል ነው። በውድድር ላይ መከልከሉን አሰልጣኛችን ሰብስቦ ነግሮናል፤ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አላወቅሁም ብል ውሸት ነው። በውድድሩ ዋዜማ ባለቤቴ ትምህርት ቤት ሳለች ካርቶኑን አወረድሁ። የአባቴ ስም በሐኪም ጽሑፍ ተጽፎበታል። ሁለት ፍሬ አውጥቼ መልሼ ሰቀልሁት። በማግስቱ ሉማሜ ላይ በሻይ ዋጥኋቸው።

መጀመሪያ ጉልበቴ ዝም አለ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲነዘንዘኝ የኖረ ነገር ዝም ሲል ደስ ከማለቱ በፊት ያስደነግጣል። ከዚያ ደረቴ ሞቀ። አንድ የክለባችን ልጅ፣ ከእኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ከመጀመሪያው ዳገት በፊት ከሌሎቹ ተነጥሎ ወጣ፤ ተከተልሁት። ሁለታችን ብቻችንን ከቡድኑ ርቀን ወጣን። የአሰልጣኛችን መኪና በጉሙ ምክንያት ከቡድኑ ኋላ ቀርቷል። ድልድይ ስንሻገር ልጁ ዞር ብሎ ሳቀና፣

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን በልተህ ነው?» አለኝ።

የማስታውሰው የመጨረሻ ነገር ይህ ነው። ከዚያ በኋላ አበባው አንገቴ ላይ ነው።

ያ ልጅ መውደቁን የነገሩኝ ከሽልማቱ በኋላ ነበር። ከድልድዩ ወዲያ ባለው ቁልቁል፣ ኩርባው ላይ ተንሸራትቶ ዳሌው ተሰብሯል። «አንተ ቀድመኸው ሄደህ ሳለ ነው የወደቀው» አሉኝ፤ አዘንሁ፣ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ሕመሙ ነው ብዬ ተውሁት።

ያን ዕለት ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሽንት ሲወስዱ ቅጹ ላይ «በዚህ ሳምንት የወሰድኸው መድኃኒት አለ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ እሱ ነው።

ደብዳቤው ከሳምንታት በኋላ መጣ። በናሙናዬ ውስጥ የተከለከለ የሕመም ማስታገሻ ተገኝቷል፤ ድሉ ተሰርዟል፤ ለሁለት ዓመት ከውድድር ታግጃለሁ። አሰልጣኛችን አንብቦ መልሶ በፖስታው ውስጥ ከተተውና «ከየት አገኘኸው?» ብቻ አለኝ። ነገርሁት። ለባለቤቴም ነገርኋት። እሷ ወንበር ላይ ቆማ ካርቶኑን አወረደች፣ ከፈተች፣ ከደነች። አልተቆጣችም። «የሳቸውን?» አለች።

ከተማው ፊት አልነሣኝም። ሰላምታው አጠረ እንጂ አልቀረም። ሰው ሁሉ «እግዜር ይርዳህ» እያለ ያልፈኛል፣ አንድም የሚቆም የለም። ብስክሌቴን ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቅዬ ቤት መዋል ጀመርሁ። እንዲህ እያለሁ የዚያ የወደቀው ልጅ እህት ስልክ ደወለችልኝ። ሉማሜ ላይ ሻይ ቤት አላት፤ ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ እሷ ዘንድ ገብቷል።

«ወንድሜ ይፈልግሃል፤ ብቻህን ና ብሏል» አለችኝ።

በሚኒባስ ሄድሁ። ከሻይ ቤቱ ጓሮ ክፍል ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ተሳሳምን። ሻይ መጣ። ጋሼ ማለቱን ትቶ ነበር።

«የእገዳህን ዜና ስሰማ ነው ለመናገር የደፈርሁ» አለ። «እስካሁን አብዷል እንዳልባል ብዬ ዝም ብያለሁ። ስወድቅ አንተ ከፊቴ አልነበርህም። ከጎኔ ነበርህ።»

«አላስታውስም» አልሁ።

«አውቃለሁ። ያን ጊዜ ዐይንህ ሰው አይለይም ነበር።» ክራንቹን ጠጋ አደረገ። «ወድቄ እጮሃለሁ። አንተ ቆምህ። ከብስክሌትህ ወርደህ፣ ብስክሌትህን በሥርዓት ጥግ አስደግፈህ መጣህ። ሊያነሣኝ ነው አልሁ። ጎንበስ ብለህ ፊቴን አየኸኝ። ለረጅም ጊዜ። ከዚያ 'ይህ ልጅ የማን ነው?' አልህ።»

«ማንን ጠየቅሁ?»

«ማንም አልነበረም። እኔና አንተ ብቻ ነን። ድምፅህም የራስህ አልነበረም። የሽማግሌ ድምፅ ነው። በስሜ ጠራኸኝ ብል በወደድሁ። ፈገግ አልህና ብስክሌትህን እየገፋህ በእግርህ ወደ ጉሙ ገባህ።»

ሻዩን ወደ ጎን ገፋሁ። ለማላስታውሰው ነገር ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትሁ። እሱ እጁን አነሣና አስቆመኝ።

«ከመንገድ ያነሡኝ ከኩርባው በላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ያሉት የቅኔ መምህር ናቸው። እሳቸውም አግኝተውሃል። ከእኔ የባሰ ነገር ሳያውቁ አይቀሩም፤ ስጠይቃቸው ግን 'ለራሱ እነግረዋለሁ' አሉኝ።»

የዚያኑ ቀን ስመለስ ኩርባው ላይ ከሚኒባሱ ወረድሁ። ፀሐይ ነበር ከሉማሜ ስወጣ፤ እዚያ ስደርስ ግን ከሸለቆው ጉም እየወጣ የባሕር ዛፎቹን ከወገባቸው በታች ውጧቸዋል። በጠባብ መንገድ ሽቅብ ወጣሁ። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተኮልኩለዋል፤ ከየጎጆው የሚያንጎራጉሩት ይሰማል። እኔን ሲያዩ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መምህሩ በቅኔ ትምህርት በታወቀው ዲማ የተማሩ፣ ሸምገል ያሉ፣ ዐይናቸው ንቁ የሆነ ሰው ናቸው። ከዛፍ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«መጣህ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ያውቁኛል?»

«አንተን ገና አሁን አየሁህ። ያን ዕለት የመጣውን ነው የማውቀው።» ከጎናቸው እንድቀመጥ አመለከቱኝ። «ጩኸት ሰምቼ ከተማሪዎቼ ጋር ወደ መንገዱ ስወርድ፣ ብስክሌት እየገፋ በመኻል አስፋልት የሚመጣ ሰው አየሁ። 'ማን ነው የሚጮኸው?' ብልህ 'ማንም አይጮህም' አልኸኝ። ጩኸቱ ያን ጊዜም ይሰማ ነበር። ተማሪዎቼ ወደ ታች ሮጡ። እኔ ካንተ ጋር ቀረሁ፤ ፊትህ አላምር ስላለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጎንህን፣ እዚህ ጋ፣ በእጅህ ደገፍህ። 'አባቴ፣ ዛሬስ ሕመሙ የለም። እኔ ግን የት ነኝ?' ብለህ ጠየቅኸኝ።»

ጉሙ ከቅጥሩ ድረስ ደርሶ ነበር። ከጎጆዎቹ አንዱ ውስጥ ሰው አሳለ።

«ምን መለሱልኝ?»

«'ሕመሙስ አላለፈም፤ ያለፍኸው አንተ ነህ' አልሁህ።»

ይህን ሲሉኝ አልሳቁም። የቅኔ ሰው ናቸው፤ ቃል በአንድ በኩል አይወረውሩም። ያለፈ የሚባለው ተጓዥም ሟችም እንደሆነ እኔም የገባኝ ቁልቁለቱን ስወርድ ነው።

«አንተ ግን ሳቅህ» አሉ ሲሰናበቱኝ። «እንደ ሕፃን ሳቅህና ብስክሌቱ ላይ ወጣህ። እንዲያ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም። ልጄ፣ ጸልይ። ለራስህም፣ ለዚያኛውም።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ታርማለች። የሰማሁትን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት። መምህሩ ጠየቅኸኝ ያሉት ጋ ስደርስ፣ «ዛሬስ ሕመሙ የለም፤ እኔ ግን የት ነኝ» ስላት፣ እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ይህን ማን ነገረህ?» አለች።

«የኔታ ናቸዋ! አልሁሽ እኮ።»

«ለሳቸው ማን ነገራቸው?»

«አንተ ነህ ያልኸኝ አሉኝ እኮ።»

ወንበሯን ገፋ አድርጋ ተነሣች፣ መልሳ ተቀመጠች። «አባባ በመጨረሻው ሳምንት በየጠዋቱ የሚሉት እሱን ነው። እንክብሉን እሰጣቸዋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ፣ ከዚያ ጎናቸውን ይዘው 'ዛሬስ ሕመሙ የለም' ይሉኛል። 'እኔ ግን የት ነኝ?' ይሉኛል። እንዳትቆጭ ብዬ ላንተ አልነገርሁህም። ለማንም አልተናገርሁም።»

«'ይህ ልጅ የማን ነው'ስ?» አልሁ። ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ።

እስክሪብቶዋን ከደነች። «እሱን የሚሉት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን እያዩ ነው» አለች።

ባለቤቴ በሳይንስ የምታምን ሰው ናት። እስኪመሽ ድረስ ልታስረዳኝ ደከመች። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ስትደውልልኝ ድምፃቸው ከኋላ ይሰማ ነበር፤ ጆሮዬ ሰምቶ እኔ ሳላስተውለው ቀርቼ ይሆናል፤ አእምሮ የሰማውን አይጥልም፣ መድኃኒቱ ደግሞ ድካም ሲጨመርበት የተቀበረውን ያወጣል። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ከዚያ «ስታሸንፍ የተነሣኸውን ፎቶ እስቲ ልየው» ብላ ስልኳን ከፈተች። ፎቶው ላይ አበባው አንገቴ ላይ ነው፣ ቀኝ እጄን ለሕዝቡ አንሥቻለሁ። ግራ እጄ ሆዴን ተሻግሮ ቀኝ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ በታች ይዟል። አንገቴም ዘንበል ብሏል። ባለቤቴ ትንሽ አየችውና ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ያን ቀን ከዚያ በላይ አላስረዳችኝም።

በማግስቱ ካርቶኑን በፌስታል አድርጋ፣ ያስወግዱት ብላ ሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል አስረከበች።

የታገድሁት ከውድድር እንጂ ከመንገድ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ብስክሌቴን አወረድሁና ካቴናውን ዘይት ቀብቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሉማሜ መሄድ ጀመርሁ። ልጁን ለመጠየቅ ነው። ምሕረት ለምኜ አገኝ ይሆናል ብዬ የሄድሁ ቀንም አለ፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝም፣ አትምጣም አላለኝም። እንቀመጣለን፣ ስለ ጎማና ስለ ማርሽ እናወራለን። ዳሌው ገጥሞ ክራንቹን ጥሎ በዱላ መሄድ ጀመረ። ዳግመኛ ግን ብስክሌት ላይ አልወጣም።

ጭንቁ መንገዱ ነበር። ያ ኩርባ ላይ ስደርስ፣ ጉም ባለበት ቀን፣ የራሴ የካቴና ድምፅ ይጠፋብኛል። ጎማው ይዞራል፣ ድምፅ የለም። ነፋሱም አይሰማኝም። ያን ጊዜ አውራ ጣቴን ቀኝ ጉልበቴ ላይ፣ ያ የሚያመው ቦታ ላይ እጫናለሁ። ሕመሙ ጭንቅላቴ ድረስ ሲወጣ ድምፁ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ብጫነውም አላመመኝም። ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥሁ። አንድ ገበሬ አህዮቹን እየነዳ መጣና፣

«ምን ሆንህ ወንድሜ? አመመህ?» አለኝ።

«አይ፣ አላመመኝም» ስል ድምፄ አስፈራኝና ተነሥቼ አብሬው ሄድሁ። ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራኝ እስከ መገንጠያው ድረስ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሸኘሁት። መገንጠያው ላይ ስንደርስ ጉልበቴ ጠዘጠዘኝ። ገበሬውን አቅፌ ሳምሁት፤ ሰውየው ግራ ገባው።

እገዳው ሲያበቃ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሰልጣኛችን «ለማሸነፍ ከሆነ ቦታ የለኝም፤ ለልጆቹ ውኃ የምታቀብል ከሆነ ና» አለኝ። ሄድሁ። አንድ የውድድር ዘመን ከኋላ ከኋላ ጋለብሁ። ከመኪናው ውኃ እቀበላለሁ፣ ወደ ፊት አደርሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ስንወዳደር ሽንት ስጥ ባሉኝ ቁጥር ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ለጉንፋን እንኳ ዝንጅብልና ማር እንጂ ሌላ አልወሰድሁም።

የመጨረሻው ውድድሬ ከደብረ ማርቆስ አማኑኤል ከተማ ደርሶ መልስ ነበር። ስንመለስ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ጉልበቴ አብጦ እንደ ድንጋይ ከብዷል፤ ፔዳሉን በአንድ እግሬ ነው የምረግጠው። አሰልጣኛችን መኪናውን ከጎኔ አድርጎ በመስኮቱ፣

«ግባ፣ ይበቃሃል» አለኝ።

«አልገባም።»

«ሕመሙ አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ግባ እንጂ!»

«አለ እያልሁህ ነው እኮ!»

ምን ማለቴ እንደሆነ የገባው አይመስለኝም፤ ግን ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ከኋላዬ ነዳ። ስደርስ ባንዲራዎቹን እያወረዱ ነበር። ባለቤቴ ብቻ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ክንዴን ያዘችኝና ወደ ቤት በእግራችን፣ በየመብራት ምሰሶው እያረፍን ሄድን። ከዚያ በኋላ አልተወዳደርሁም። አሁን ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። ለልጆቹ ስለ እንክብሉ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ሁለቱ ዓመት እነግራቸዋለሁ። ሌላውን አልነግራቸውም።

ባለፈው ክረምት ሉማሜ ሄጄ ከዚያ ልጅ ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ፣ ሳላስበው ጠየቀኝ።

«እውነቱን ንገረኝ። እስከ ዛሬ ምንም አላስታወስህም?»

ለዓመታት «ምንም» ስለው ኖሬያለሁ፤ እውነትም ነበር። በቅርቡ ግን አንድ ነገር መምጣት ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት፣ ነቅቼ ዐይኔን ሳልገልጥ ነው የሚመጣው። እርጥብ አስፋልት ላይ የተኛ ፊት ከላይ አያለሁ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ የለውም። ውስጤ ደግሞ ሰላም ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም። እሱ የነገረኝን እያሰብሁ የፈጠርሁት ይሁን፣ በእርግጥ ያየሁት ይሁን፣ ወይም ሌላ ሰው ያየው ይሁን መለየት አልችልም። ከአልጋዬ ተነሥቼ ጉልበቴን አጥፌ እስክዘረጋው ድረስ ሰላሙ አይለቀኝም። ሰላሙን ላለማጣት ብዬ ሳልነሣ የቆየሁበትና ያፈርሁበት ቀን አለ።

ይህን ሁሉ ነገርሁት፤ ሰላሙንም ሳልደብቅ።

የተጎዳ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ከጠረጴዛው ሥር አወጣና አስተካክሎ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ፣

«የሱ ሻይ ቀዝቅዟል፤ ሌላ አምጪለት» አላት።